ፊደል የማያውቅ ይፈለጋል

ሥራ የገባሁ ቀን ተፈትኛለሁ። ያለፍኩትም ስላላወቅኩ ነው።

ናዝሬት ነው፣ በደርግ ጊዜ። ከዚያ በፊት ወፍጮ ቤት ነበርኩ፣ ሞተሩን በመዘውር የማስነሳው እኔ ነበርኩ። አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ክንዱ የጠነከረ፣ አፉ የተቆጠበ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ተሰማ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ሲናገሩ ጠረጴዛ የሚመቱ ሰው ናቸው። ተቀመጥ እንኳ አላሉኝም። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረጉና ፊቴ ዘረጉት።

«ምን ይላል?»

«እኔ ምኑን አውቄ ጌታዬ።»

«እየው እንጂ! ደህና አድርገህ እየው።»

አየሁት። የጉንዳን መንገድ ይመስላል። እሳቸው ግን የሚያዩት ወረቀቱን ሳይሆን የእኔን ዐይን ነው። ጥግ ላይ ታይፕ ፊት የተቀመጠችው ሴት አፏን በእጇ ይዛለች። አቶ ተሰማ ጠረጴዛውን መቱት። «በቃ! ሰውየውን አገኘነው!» አሉ።

ታይፒስቷ አልማዝ ከሰዓት በኋላ ምስጢሩን ነገረችኝ። «ጋሽ ደገፋ፣ ወረቀቱ ላይ እኮ ‹ኮሌታህ ላይ ጊንጥ አለ› ነው የተጻፈው።» ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ማንበብ አልችልም ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር አሉ። ወረቀቱን ሲያሳዩት ግን ከመሬት ዘሎ ኮሌታውን አራገፈ። አይፈረድበትም። ናዝሬት ውስጥ በጊንጥ አይቀለድም።

ፊደል የማያውቅ ሰው የፈለጉት ለፈተና ማባዣው ነው። የሚያነብ ሰው ጥያቄውን አይቶ ያወጣዋል፣ የማያነብ ምን ያወጣል? የአቶ ተሰማ ሐሳብ ይኸው ነበር። ያኔ ትክክል መሰለኝ፤ እንጀራ የሚሰጥ ሐሳብ ሁሉ ትክክል ይመስላል።

አሁን ቁልፍ ተጭናችሁ ለምታትሙት ሥራውን ላስረዳ። አልማዝ የታይፑን ሪባን አውጥታ ስቴንስል በሚባል ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል። እኔ ስቴንስሉን ተቀብዬ ከማሽኑ ከበሮ ጥርስ ላይ አንጠለጥልና በመዳፌ አለሰልሰዋለሁ። አንድ ሽብሽብ ካለ አንድ መስመር ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ቀለም እቀባለሁ፣ አንድ ደስጣ ወረቀት እንዳይጣበቅ እንደ ካርታ አራግፌ እደረድራለሁ፣ መዘውሩንም አዞራለሁ። ካፈጠንክ ይደበዝዛል፣ ካዘገየህ ይጨማለቃል። የናዝሬት ሙቀት ቀለሙን እንደ ውኃ ስለሚያቀጥነው ገና ሳይሞቅ ነበር የምንጀምረው።

ስሠራ በሩ ከውጭ ይቆለፍብኛል። የታተመው ደርቆ፣ ተሰፍቶ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ በቀይ ሰም ይታሸጋል። የተበላሸውና ስቴንስሉ ግቢ ውስጥ በርሜል ውስጥ ይቃጠላል። አመዱን በእንጨት የማማስለው እኔ ነኝ። በደመወዝ መክፈያው ላይ ማዕረጌ «የጽሕፈት ረዳት» ነው፤ ግቢው ውስጥ ግን «ባለማሽኑ» ነበር የምባለው። ያንን ስም እወደው ነበር።

የፈተና ክፍሉ ኃላፊ መርዕድ ይባላል። ያኔ አቶ መርዕድ እያልኩ አንቱ እለው ነበር። አሁን ሁለታችንም አርጅተን ወዳጆች ስለሆንን አንቱታው ቀርቷል፣ እሱም ይህን ይወደዋል። ቀጭን፣ ድምፁን የማያሰማ ሰው ነው። ፈተናውን ያመጣው እሱ ነው፦ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሚኒስትሪ ከመውሰዳቸው በፊት የሞጆውም፣ የቆቃውም፣ የወለንጪቲውም፣ የናዝሬቱም ልጅ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲጠየቅ። ደራ በአርሲ በኩል ብትሆንም በጉርብትና እየለመኑ ይወስዱ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ መርዕድ በትልቅ ወረቀት ላይ ጥያቄዎቹን በአግድም፣ ትምህርት ቤቶቹን በቁልቁል ይጽፍና ብዙ ልጅ የሳተው ላይ ቀይ ነጥብ ያደርጋል። ማንበብ ባልችልም ቀይ ነጥብ ይታየኝ ነበር። የአንዳንዱ ትምህርት ቤት መስመር ኩፍኝ የያዘው ልጅ ፊት ይመስላል።

ዲሬክተሮች ሲሰበሰቡ ወንበር የማመላልሰው እኔ ስለነበርኩ ወሬውን እሰማለሁ። አንዱ ዲሬክተር ተነስቶ «የእኛ ልጆች መኪና ማቆሚያ ነው የሚውሉት፣ ከሹፌር ምን ሒሳብ ይማራሉ?» ይላል። ሌላው «የእኛዎቹ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የሚውሉት» ይላል።

መርዕድ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ስለ ልጆቹ ውሎ አልጠየቅኩም» ይላል። «ይህን አንድ ጥያቄ ለምን እንደሳቱት ነው የጠየቅኩት። አንድ ልጅ ከሳተ ልጁ ነው። ክፍሉ በሙሉ ከሳተ እኛ ነን።»

አንድ ጊዜ ከቆቃ ወዲህ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ልጆቹ ሌላውን ሁሉ እየሠሩ የስፋትን ጥያቄ በሙሉ ሳቱ። መርዕድ በላንድሮቨር ሄደ፣ እኔም ወረቀት ተሸክሜ ተከተልኩ። ትምህርት ቤቱ ያለው የሒሳብ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፣ መጨረሻውን ምስጥ በልቶታል። መምህሩ ምስጡ የበላው ገጽ ድረስ ያስተምራል፣ እዚያ ሲደርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለው መርዕድ።

«ማን ጠየቀን?» አለ መምህሩ።

መርዕድ አልተቆጣም። የጎደለውን ምዕራፍ ከሌላ መጽሐፍ አልማዝ ጻፈችው፣ እኔ አባዛሁት። በሚቀጥለው ዓመት ቀዩ ነጥብ ከዚያች ትምህርት ቤት መስመር ላይ ጠፋ። መምህሩ ዓሣ ላከልኝ። እኔ ያነበብኩት ነገር የለም፣ ግን ክንዴ የት እንደደረሰ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሽፈራው ካኪ ለብሶ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ጓድ ደገፋ፣ ትምህርት ቢሮ ውስጥ እየዋልክ ፊደል አታውቅም?»

«አላውቅም ጓድ።»

«አታፍርም?»

«የተቀጠርኩበት ነው።»

የቀለድኩበት መሰለው። «የእኛ ቀበሌ ማይም የሌለበት ቀበሌ ተብሎ አንደኛ ይወጣል። ያልተመዘገበ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያይም።» ባለቤቴ ዘነበች ከጓዳ ሆና «እኔን መዝግቡኝ! እሱንም መዝግቡት!» አለች። ስኳር ትወዳለች።

ጠዋት ለአቶ ተሰማ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። «አንተ ሰውዬ ልታጠፋኝ ነው? አንተ ፊደል ቆጥረህ እኔ ማንን ማሽን ላይ ላቁም?» አሉና ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፉ። ጓድ ሽፈራው ደብዳቤውን ይዞ በማግስቱ ከተፍ አለ። ቢሮው መሀል ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«‹የተጠቀሰው ሠራተኛ ለሥራው ጠባይ ሲባል ከመሠረተ ትምህርት ነፃ ሆኖ ባለበት ሁኔታ እንዲቆይልን።› ጓድ ተሰማ፣ ባለበት ሁኔታ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማለት… አሁን ባለበት…»

«ማይም ሆኖ ማለት ነው?»

«እንደዚያ እንኳ ባንለው…»

«አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በማኅተም፣ ከሰፊው ሕዝብ አንዱ ማይም ሆኖ ይቆይልኝ ብሎ ጻፈ! ይህን ለበላይ አካል ልውሰደው?»

አቶ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ኧረ ጓድ ሽፈራው፣ የታይፕ ስህተት ነው።»

አልማዝ ከጥጓ «እኔ እንዳሉኝ ነው የጻፍኩት!» አለች።

ጓድ ሽፈራው ደብዳቤውን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔም ተመዘገብኩ። ነገሩን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አንዱ ሰውዬ ቀበሌው ውስጥ አንድም ማይም እንዳይኖር በበላዮቹ ይጠየቃል። ሌላው ደግሞ ቢሮው ውስጥ ቢያንስ አንድ ማይም እንዲኖረው ይፈልጋል። ሁለቱም ማይም እኔው ነኝ።

አንተስ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔ መማር እፈልግ ነበር። ልጄ ብርቄ አምስተኛ ክፍል ነበረች። የውጤት ካርዷን ስታመጣ ቁጥሩን እለየዋለሁ፣ ወፍጮ ቤት ሚዛን ሳይ የኖርኩ ነኝ። የማላውቀው ቁጥሩ የየትኛው ትምህርት እንደሆነ ነው። «ሒሳብሽ የቱ ነው?» ስላት ትልቁን ቁጥር ታሳየኛለች። «ይኸው አባባ፣ ዘጠና።» እኔም ደስ ብሎኝ ከረሜላ እገዛላታለሁ። ግን ገበያ ልኬያት መልስ ስታመጣ አንድም ቀን አይገጥምም። ዘጠና ያገኘ ልጅ እንዴት የበርበሬ መልስ ይሳሳታል?

በቀበሌው አዳራሽ ከዘነበች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተማርን። እሷ ቶሎ ገባት። እኔ ላይ ሲዘገይ በክርኗ ትነካኝና «መዘውር ነው እንዴ? ቀስ በል» ትለኛለች። እኔም ግትር ስለሆንኩ አልተውኩትም። ማለቂያው ላይ ፈተና ነበር፦ አንድ አንቀጽ ማንበብ፣ ስም መጻፍ፣ ትንሽ ሒሳብ። አለፍኩ። ጓድ ሽፈራው የምስክር ወረቀቴን ሲሰጠኝ ከእኔ በላይ ነበር የተደሰተው።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያነበብኩት የብርቄን ካርድ ነው። በጣቴ ተከትዬ አነበብኩ። ዘጠናው አጠገብ የተጻፈው «ስፖርት» ነው። ሒሳብ ከታች አለች፣ ከሲታ፣ አርባ እንኳ ያልሞላች።

«ብርቄ!» አልኩ።

ልጄ ካርዱንና ጣቴን አየች። «ወይኔ አባባ» አለች። «የምርህን ነው እንዴ የተማርከው?»

ካርድ ወደ ቤት የሚላከው ወላጅ እንዲጠይቅ ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ከረሜላ የገዛሁት ለሩጫዋ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ብርቄ ስድስተኛ ገባች። የጋራው ፈተና ሲቃረብ አቶ ተሰማ ጠሩኝ። «ደገፋ፣ ከነገ ጀምሮ በር ጠባቂ ነህ።»

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ?»

«አነበብክ።»

«አልማዝም እኮ ታነባለች። የምትጽፈውም እሷ ናት።»

«አልማዝ ስድስተኛ ክፍል ልጅ የላትም።»

እዚህ ላይ መርዕድ ገባበት። ማሽኑ ያረጀ ነው፣ ጠባዩን የሚያውቀው ደገፋ ብቻ ነው፣ አዲስ ሰው ቢገባ ግማሹ ወረቀት ይበላሻል አለ። አቶ ተሰማም ጠረጴዛውን እያንኳኩ አሰቡ። «ይህን አንድ ጊዜ ይሥራ። ነገር ከወጣ ግን ከማሽኑ በመነሳት አያበቃም። ያኔ የሚጠይቀው እኔ አይደለሁም።» በዚያ ዘመን «የሚጠይቀው እኔ አይደለሁም» ሲባል ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

መርዕድ ወደ ማባዣው ክፍል ይዞኝ ገባ። «ጋሽ ደገፋ፣ ስለ ፈተናው አንዲት ቃል አይተንፍሱ። ‹አዎ›ም፣ ‹አይደለም›ም። ለሚስትም፣ ለልጅም።»

«እሺ» አልኩ። እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው።

ሥራውን ጀመርኩ። ላለማንበብ ግድግዳውን ልይ አልኩ። መዘውሩን ስትይዝ ግን ዐይንህ ወረቀቱ ላይ ካልሆነ ወረቀቱ ይጣመማል። ፊደል ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም። አንድ ዙር ሳዞር «አንዲት ነጋዴ»። ሌላ ዙር፣ «ከመቂ ካመጣችው ሽንኩርት»። ሌላ ዙር፣ «ሦስት አራተኛውን ሸጠች»። ደስጣው ሳያልቅ ሽንኩርቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ልጄን የሚያስለቅሳት ክፍልፋይ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ ራሱ አስጠናኝ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ማታ እራት ቀርቦ ብርቄ ጥግ ላይ ታዜማለች። «ለ፣ ሐ፣ ሐ፣ ሀ፣ መ፣ ለ…»

«የምን ዘፈን ነው?» አለች ዘነበች።

«ዘፈን አይደለም እማዬ። ፈተናው ወጥቷል! ልጆቹ ሁሉ ይዘውታል።»

«አምጪው» አልኩ። ሰጠችኝ። ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው፣ እጥፋቱ ውስጥ የገብስ ቆሎ ቀርቶበታል። ከቆሎ ሻጭዋ መጠቅለያ ነው ያገኙት። ራስጌው፣ ዓመተ ምሕረቱ ያለበት፣ ተቀድዶ ሌላ ቆሎ ሄዶበታል። ወረቀቱን ግን አወቅሁት። መሀሉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለው። አምና የማሽኑ ከበሮ ተጭሮ ወረቀቱ ሁሉ ላይ ያንን መስመር ያወጣ ነበር፣ ክረምት ላይ ተጠግኗል። የአምናው ፈተና ነው። የአንድ ጎበዝ ልጅ ወረቀት ስለሆነ ሁሉም መልስ ላይ የቀይ እርማት አለበት።

«አየህ አባባ?» አለች። «መልሱ እንኳ ታርሞ ነው የወጣው!»

ገና ያልተሰጠ ፈተና እንዴት ታርሞ ይወጣል ብሎ ከተማው ውስጥ ያሰበ ልጅ አልነበረም።

«ይኸው ነው አይደል?» አለችኝ ልጄ። «አንተ ነህ ያተምከው። ይኸው ነው?»

አሁን አስቡት። ዝም ካልኩ ልጄ የማይመጣ ፈተና በቃሏ ይዛ ትገባለች። «አይደለም» ካልኩ ግን ነገር አወጣሁ ማለት ነው። ነገ ሌሎቹ የቆሎውን ወረቀት ይዘው ሲገቡ፣ የእኔ ልጅ ብቻ ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን አውቃ ትገባለች። እሺ ብያለሁ።

«መጽሐፍሽን አንብቢ» አልኳት። «ክፍልፋይ» ማለት ፈልጌ ነበር፣ ዋጥኩት።

«አትናገር እሺ። ራስህን ብቻ ነቅንቅ።»

«አንገቴን ያመኛል።»

እራቴን አንገቴን ሳላንቀሳቅስ በላሁ። ወደ ላይ ቢነቃነቅ «አዎ» ነው፣ ወደ ጎን ከሆነ «አይደለም»። ዘነበች «ምን ሆነህ ነው እንደ ሰልፈኛ የተገተርከው?» አለችኝ። ሄጄ ተኛሁ። ከጀርባዬ «ለ፣ ሐ፣ ሐ፣ ሀ፣ መ» ይላል።

ፈተናው ተሰጠ። ልጆቹ ቶሎ ጨርሰው እየሳቁ ወጡ። «ሁሉንም እናውቀዋለን!» ብለው በጋሪ ተጭነው ሄዱ፣ ወሬው በጋሪው ፍጥነት ቢሮ ደረሰ። አቶ ተሰማ ጠረጴዛውን መቱ።

«አወጣኸው!»

«አላወጣሁም። ልጆቹ ያላቸው የአምናው ነው።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«ቤቴ አይቼዋለሁ። ልጄ ይዛዋለች።»

«ስሙ እንግዲህ! በራሱ አፍ! ቤቱ ውስጥ ነው ያለው!»

እውነት መናገር አንዳንድ ጊዜ እንደዚህ ነው። አልማዝ ጭንቅላቷን ያዘች። አቶ ተሰማ ስልኩን አነሱ።

መርዕድ እጁን ስልኩ ላይ አደረገ። «አቶ ተሰማ፣ ወረቀቱ ይታረምና ከዚያ ይደውሉ። ፈተናው ወጥቶ ከሆነ መልሱ ይናገራል።»

የብርቄ ትምህርት ቤት ፖስታ ፊታችን ተከፈተ። መርዕድ የብርቄን ወረቀት አወጣ። አቶ ተሰማ በትከሻው ላይ ያያሉ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። መርዕድ አንዱን አረመ፣ ሁለተኛውን አረመ፣ ግንባሩን ቋጠረ። ተነስቶ ከቁም ሣጥኑ የአምናውን መልስ አመጣና ከብርቄ ወረቀት ጎን ዘረጋው። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው።

«ጋሽ ደገፋ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። ልጅዎ በአምናው ፈተና መቶ አግኝታለች።»

«በዘንድሮውስ?»

«በዘንድሮው… አሥራ አራት።»

ሌሎቹንም አየ። የክፍሉ ግማሽ ያው ነው፣ ለ፣ ሐ፣ ሐ፣ ሀ፣ መ። ጥያቄውን ሳያነቡ ፊደሉን ብቻ ደርድረዋል። እኔም ልጁ አሥራ አራት አግኝታ ግድግዳ ተደግፎ የሳቀ አባት ሆንኩ።

አቶ ተሰማ ግን መሸነፍ አይወዱም። «እሺ፣ የአምናውን ወረቀት ለቆሎ ሻጭ የሸጠው የትኛው ወንበዴ ነው? እሱ ይጠየቅ!»

አልማዝ ከታይፑ ላይ ቀና ሳትል ተናገረች። «እርስዎ ነዎት እኮ ጌታዬ። ‹መጋዘኑን አይጥ ወረሰው፣ የታረመውን ወረቀት በኪሎ ሽጡት› ብለው ያዘዙት።»

ጠረጴዛው ያን ቀን አልተመታም። ከዚያ በኋላ የታረመ ወረቀት ዓመቱ ሲያልቅ በርሜል ውስጥ ገባ።

ቤት ስገባ ዘነበች ሰምታ ነበር። ናዝሬት ወሬ አይቆይባትም።

«አይተህ ዝም አልክ?» አለች። «የሰው አባት ለልጁ ይሰርቃል። አንተ አንገትህን መነቅነቅ አቃተህ!»

«ብነቀንቀው ዛሬ እስር ቤት በር ላይ ስንቅ ይዘሽ ትቆሚ ነበር።»

«ስንቁን ደግሞ በልቼው እመጣ ነበር!»

ብርቄ ጥግ ላይ ታለቅሳለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ጥያቄውን ለምን አላነበብሽውም?» አልኳት።

«መልሱን ካወቅኩ ጥያቄው ምን ያደርግልኛል?» አለች።

መርዕድ የቆሎው ወረቀት የገባባቸውን ክፍሎች ውጤት ጣለው። «ይህ ልጆቹ ስለሚያውቁት ምንም አይነግረኝም» አለ። አዲስ ጥያቄ አዘጋጀ፣ አልማዝ ጻፈች፣ ያባዛሁትም እኔ ነኝ። ስለ በር ጠባቂነት ያነሳ ሰው አልነበረም። ልጆቹ ያለ ዘፈን ሲፈተኑ እውነቱ ወጣ። የብርቄ ክፍል ክፍልፋይን በሙሉ ስቷል። መርዕድ ሄዶ ሲጠይቅ የሒሳብ መምህራቸው ለዘመቻው በዓመቱ መሀል ተወስዷል። የተካው መምህር ክፍልፋዩን የቀድሞው አስተምሮታል ብሎ ዘሎታል፣ ያኛው ደግሞ የሚተካኝ ያስተምረዋል ብሎ ትቶታል። ብርቄ ሰነፍ ነበረች፣ ግን ሰነፏ እሷ ብቻ አልነበረችም።

ሚኒስትሪ እስኪደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር ሰው ከቢሮ ተመደበ። መልመጃውን እኔ አባዝቼ ራሴ አደርሳለሁ፣ በመንገድም አነበዋለሁ፤ ይህኛው አልተከለከለም። ማታ ማታ ከብርቄ ጋር አንድ ብርቱካን እየቆራረስን ሦስት አራተኛ እንበላለን። ዘነበች የቀረውን አንድ አራተኛ ትወስዳለች። ሚኒስትሪ ሲወጣ ብርቄ አለፈች። የሒሳብ ውጤቷ የሚያስፎክር አይደለም፣ ግን የራሷ ነው። ካርዱን ሰጥታኝ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀች። እኔም ከላይ እስከ ታች፣ ስፖርትን ጭምር፣ አነበብኩት።

ጡረታ እስክወጣ ማሽኑ ላይ ቆየሁ። በተተኪዬ ምርጫ ጊዜ ከቢሮው አንዱ ፊደል የማያውቅ ሰው እናፈላልግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያስፈልግም አልኩት። ማንበብ ሳልችል ታማኝ ይሉኝ ነበር፣ ያ ግን ስህተት ነው። የማያውቅ ሰው የሚጠብቀው ምስጢር የለውም። እኔ ታማኝ መሆኔ የታወቀው አንብቤ ዝም ያልኩ ጊዜ ነው። የሚያነብ ሰው ቅጠሩ፣ ከዚያ ነገር ከወጣ ጠይቁት።